የቄስ ቤት ቁርስ

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ። ጠዋት 12፡30

ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። ማለትም እያለቀስኩ። ሰው ድንገት ቢገባ ሰበብ አለኝ።

ሽንኩርት ረክሷል። ፎገራ ሜዳው ሁሉ ሽንኩርት አፍርቶ የሚጭነው መኪና ጠፍቷል፤ ከወረታ መውጫ ጀምሮ በየመንገዱ ዳር ተቆልሎ ይሸታል። ስለዚህ ሰሞኑን ቤታችን የሚበላው ሁሉ ሽንኩርት አለበት። ሽሮ በሽንኩርት። ሩዝ በሽንኩርት። ትናንት ሌላ ነገር ስላልነበረ ሽንኩርት በሽንኩርት። ልጄ ይበልጣል ነገ ሻይም በሽንኩርት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ምላሱ ግን ከእኔ ይበልጣል። እህቱ ማስተዋል በክርኗ ጎሸመችው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ክርኗ የእናቷን ሥራ ይሠራል።

ሽሮዬ አሁንም ይቀጥናል። ልጆቹ ዲያቆን ብለውታል፤ ገና ነው ማለታቸው ነው። ደህና ሁኖ ሲወጣልኝ ቄስ ይባላል። ባለፈው ዓርብ ጓጉሎ ማንኪያ ሲያቆም ጳጳስ አሉት። እኔም ሳቅሁ። ይህን ለእናታቸው ለትርንጎ መንገር አለብኝ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ አስታወስኩ።

ትንሿ አልሳቀችም። ቤዛ። አምስት ዓመቷ። ሳህኑን አየች፣ እኔን አየችኝ፣ በኋላ እበላለሁ አለች። ትናንትም እንዲሁ።

ኪዳን ሊደርስ ነው። እጄ ሽንኩርት ሽንኩርት እንዳለ መስቀል ላሳልም ነው።


መጋቢት 3፣ ረቡዕ። ከቅዳሴ መልስ

ድካም። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ገባሁ። እህል ከመቅመሴ በፊት ሳህን አጠብኩ፣ ጥምጥሜን እንኳ ሳላወልቅ። እትዬ ማንጠግቦሽ በአጥሩ በኩል አዩኝ፣ አማተቡ፣ ዘወር አሉ። ጎረቤታችን ናቸው። እንጀራችንን የሚጋግሩልን እሳቸው ናቸው፤ ሩዙን እኔ እሰጣለሁ፣ ጤፉን እሳቸው ጣል ያደርጉበታል። ሩዝ ብቻውን ከሆነ በማግስቱ ይሰባበራል። ለድካማቸውም ከሩዙ ይወስዳሉ። ደግ ሴት ናቸው። ግን ወንድ ድስት ሲያማስል ማየት አልለመዱም፣ ያውም ቄስ።

ሰው በጎን ይመክረኛል። ልጆች ያለ ሴት አያድጉም ይሉኛል። ሌላ ሚስት ላግባ ብል ክህነቴ ይቀራል፤ የቄስ ሚስት አንድ ናት። ይህን እያወቁ ይመክሩኛል። አንዳንዱ ደግሞ ክህነቱ ቢቀርስ ምን አለ በሚል ዓይን ያየኛል።

ደብተሬ፣ ዝም ብለህ ስማኝ። ሌላ ሥራ የለህም። ትርንጎ ማታ ማታ የቀኑን ነገር ሁሉ ታስለፈልፈኝ ነበር። ማን ሞተ፣ ማን ተጋባ፣ ማን ቅዳሴ ላይ አንቀላፋ። በነሐሴ፣ ውኃው ሜዳውን ሞልቶ ሳለ፣ ትኩሳት በጥቂት ቀን ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ የምነግረው አጣሁና አንተን ገዛሁ። አንተ ቢያንስ አትበላም። ተመስገን።


መጋቢት 4፣ ሐሙስ። ምሽት 12፡00

የጤና ኤክስቴንሽኗ መጣች። ወጣት ናት፣ ሰው አክባሪ፣ እውነቱን ግን አትሸፋፍንም። በዚያች ባለ ቀለም ጥብጣብ የቤዛን ክንድ ለካች። አረንጓዴው ላይ መዋል ነበረበት። ቢጫው ላይ ዋለ። ከቢጫው ቀጥሎ ቀይ አለ፤ አየሁት።

ምን ትበላለች አለችኝ። ነገርኳት። እንቁላል፣ ወተት፣ ከተገኘም ዓሣ አለች። ከዚያ ቀና ስትል ጥምጥሜን አየችና አፈረች። ዓቢይ ጾም መሆኑን አውቃለሁ አባ፣ ግን... እያለች ተንተባተበች።

አላስጨረስኳትም። ሕፃን ሰባት ዓመት ሳይሞላው ጾም የለበትም፣ ይህን የማስተምረው እኔ ነኝ አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሏል መሰለኝ። በእሷ አልነበረም የተናደድኩት። የሰው ልጅ አጥምቄ፣ የሰው ልጅ ክርስትና በልቼ፣ የራሴን ልጅ ክንድ ማወፈር አቃተኝ።

ማስተዋል ሴትየዋ እስክትሄድ ጠብቃ እኔ ልሥራ አባ፣ ትምህርቱ ይቅርብኝ አለችኝ። ይህን ቃል ሁለተኛ እንዳልሰማ አልኳት። እሷንም ተቆጣሁ። ዛሬ ያልተቆጣሁት ድመቱን ብቻ ነው።


መጋቢት 6፣ ቅዳሜ። ከሰዓት

ከቅዳሴ በኋላ ገበያ ወጣሁ። ወረታ ገበያ ሰው እግር ከእግር ይረጋገጣል። ባጃጁ፣ የሩዝ ማዳበሪያው፣ የደብረ ታቦር መኪና ጥሩንባ።

ሽሮ አየሁ፣ ርካሽ። ልቤ ደነገጠ። እፍኝ ዘግኜ አሸተትኩት፤ ጓያ ገብቶበታል። ትርንጎ ጓያ ደጃፏ አታስደርስም ነበር፤ አጎቷን እግሩን ሰብሮት በምርኩዝ ነው የሚሄድ። መለስኩት። ሻጯ አባ ጓያም እህል ነው አለች። ነው፣ ግን እኔ ቤት ሰው መቆም አለበት። ሽምብራ ሸመትኩ። ጎመን አብዝቼ ገዛሁ፣ ጎመን ደግ ነው፣ ዋጋውን ያውቃል።

ከዚያ እንቁላል። እንቁላል ሻጯ ጥምጥሜን አየች፣ መስቀሌን አየች፣ እንቁላሉን አየች። ለልጅ ነው አልኩ ሳትጠይቀኝ። እኔ ምን አልኩ አባ አለች። ግን አጠገቧ ያለችውን ነካ አደረገቻት። በጋቢዬ ሸፍኜ ወጣሁ። የሰረቅሁ እንጂ የገዛሁ አልመስልም። ወደ ቤት ስገባ ልጆቹን ሰብስቤ አዋጅ አወጣሁ፤ የእንቁላል ቅርፊት ከተገኘ ወዲያው ይቀበር። የቄስ ቤት አመድ ላይ በሁዳዴ ቅርፊት ታየ ቢባል ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሐሙሲት ከተማ ይገባል።

ቤዛ ዛሬ በላች። እንቁላሏን ራሷ ላጠች፣ ሩዝ ጨመረች፣ አፏን ጠረገች። ሌላ ምንም አልፈልግም ከዚህ ቀን።


መጋቢት 7፣ እሑድ። መጻጉዕ

ሰናይት ከሐሙሲት መጣች። የትርንጎ ታናሽ እህት ናት። እግዜር ልጅ አልሰጣትም፤ የምታለብ ላም ሰጥቷታል። በጀሪካን ወተት ይዛ መጣች። ቤዛን ታቀፈቻት፣ ጀርባዋን በእጇ ዳበሰች፣ አለቀሰች።

ከዚያ የመጣችበትን ተናገረች። ቃሏን እንዳለ ልጻፈው፤ ስንት ጊዜ ጆሮዬ ላይ ተመላለሰ። «እርስዎ ቀኑን ሙሉ ቤተክሲያን ነዎ። ልጂቱ በማን እጅ ትደግ? እኔ ዘንድ ወተት አለ፣ እኔ ዘንድ ሰው አለ። ልውሰዳት አባ።»

ክፉ አልተናገረችም። ለዚህ ነው ያናደደኝ። ሦስቱን አንድ ቤት አሳድጋቸው ያለችኝ እህትሽ ናት አልኳት። እሷም አሳድጋቸው እንጂ አስርባቸው ያለችዎ አልመሰለኝም አለች። ይበልጣል በመካከል ገብቶ ወተት የተረፈ አለ ወይ አለ። መጾሙን ረስቶ ነው።

ተስማማን። እስከ ፋሲካ። እስከዚያ የቤዛ ክንድ ካልወፈረ ሰናይት ትወስዳታለች። በቃሌ ታሰርኩ። ቤዛ ወተቷን ጠጥታ በላይኛው ከንፈሯ ላይ ነጭ ሪዝ አውጥታ ስቃለች። ያን ሳቅ ከእናቷ ነው የወሰደችው። ቤቱ ውስጥ ያለኝ የትርንጎ ሳቅ እሱ ብቻ ነው። ሐሙሲት ሩቅ አይደለም ይሉኛል። አውቃለሁ፣ በታክሲ ቅርብ ነው። ማታ በር ስዘጋ ግን ሩቅ ነው።


መጋቢት 9፣ ማክሰኞ። ከሰዓት 10፡00

አዲስ ሥርዓት። ጠዋት ሳልወጣ የቤዛን ምግብ በሳህን ከድኜ እተዋለሁ፤ አንድ ቅቅል እንቁላል፣ ሩዝ በጎመን። ትልልቆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እሷ እትዬ ማንጠግቦሽ ግቢ ትጫወታለች፣ ሲርባት ገብታ ትበላለች። እንቁላሉንም ከእሳቸው ዶሮዎች መግዛት ጀምሬአለሁ። ከገበያ ዓይን ይሻላል።

ዛሬ ገብቼ ሳየው ሳህኑ ባዶ። ምላስ እንዳገኘው ንጹሕ። አለቀ? አዎ። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። እሷም አጠገቤ ተቀምጣ ከእኔ ጋር ደግሞ ጥቂት ቆረሰች። ጉድ ነው፣ ምግብ ፍላጎቷ መጣ አልኩ።

የእትዬ ማንጠግቦሽ ዶሮዎች ቤዛን ወደዋታል። በሄደችበት ይከተሏታል፣ ዲያቆናት ጳጳስ እንደሚያጅቡት። ወፍረዋል ደግሞ። ምን አግኝተው ይሆን አልኩ እትዬን። ዘንድሮ ደህና ይዟቸዋል አሉ።

ነገ ምን ልሥራ? ሽምብራ ዘፍዝፌአለሁ። ሩዝ እንደ ቂንጬ፣ በዘይት ቲማቲም ጣል ተደርጎበት። ይበልጣል ስም እስኪያወጣለት እጠብቃለሁ።


መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ቤዛ ቅዳሜና እሑድ እንደ ገበሬ ትበላለች። ቅዳሴ በጠዋት ይወጣል፣ አብረን እንቀመጣለን፣ ሩዙም ሽሮውም ሲንሿሿ ይገባል። በሥራ ቀን ግን ሳህኑ ባዶ ቢሆንም ፊቷ አይመስልም። ጉንጯ ገባ። ማስተዋልም አስተዋለችው። ትል ይሆናል አለች። እኔም ትል ነው ብዬ ደመደምኩ።

ቂንጬው «ሰባኪ» ተብሏል። ምክንያቱን ስጠይቅ ይበልጣል ብዙ ቆይቶ ብዙ አይጠቅምም አለ። በጥፊ ላቀምሰው ብዬ ሳቅ አሸነፈኝ።


መጋቢት 15፣ ሰኞ። ምሽት

ሰሞኔ ዛሬ ገባ። ሳምንቱን ሙሉ ቀዳሽ እኔ ነኝ።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ተመልሳ መጣች። ለካች። እንደገና ለካች። ቢጫው ላይ ነው ያለችው አሁንም፣ ግን ወደ ቀዩ ቀርባለች። እርግጠኛ ነዎት እንቁላሉን እንደምትበላ አለችኝ። በየቀኑ፣ በእጄ ቀቅዬ አልኳት። የትል ክኒን ሰጠችኝ፤ በዚህ ሳምንት ካልተሻላት ጤና ጣቢያ ይዘዋት ይምጡ አለች።

ሰናይት ልክ ነበረች። ይህን ጻፍኩት፣ ደብተሬ፣ አንተ ብቻ እወቅ። ምናልባት እጄ ነው በረከት የሌለው። ትርንጎ ከምንም ነገር ወጥ ታወጣ ነበር። እኔ ከእንቁላል እንኳ ሥጋ ማውጣት አልቻልኩም። ልጄን በሰው ቤት ሰጥቼ በዓሉን እንዴት እንደምቀድስ እያሰብኩ ነው የዋልኩት። ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ ሁለት ጊዜ ጠራኝ።


መጋቢት 16፣ ማክሰኞ። ከቅዳሴ መልስ

ቤቱ ሸቷል። ገና በሩን ስከፍት። አይጥ ሞቷል አልን። ትልቅ ዘመቻ። ይበልጣል በዱላ፣ ማስተዋል በመጥረጊያ፣ እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ በጉልበቴ። አልጋ ሥር የለም። ከጎታው ኋላ የለም። ይበልጣል አይጧ ጾም ላይ ሁና ነው የሞተች፣ የእኛን ቤት መርጣ አለ። ሳቅን። አፍንጫዬን ተከትዬ ሄድኩ።

የትርንጎ ሳጥን ጋ ደረስኩ።

ከተቀበረች ወዲህ አልከፈትኩትም። የክት ቀሚሷ እዚያ አለ፣ ሻሿ። ልጆቹም አይነኩትም ብዬ ነበር። ከፈትኩት። የሻሿ ጫፍ ተቋጥሯል። ፈታሁት። እንቁላሎች። ጠዋት ጠዋት ትቼላት የሄድኳቸው ሁሉ፣ አንዱም ሳይላጥ፣ በየተራ የተቀመጡ። የታችኞቹ ከርፍተዋል።

ማስተዋል ጮኸች። እኔ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።


ያው ቀን። ምሽት 12፡00



ትልልቆቹን ወደ እትዬ ማንጠግቦሽ ላክሁና ቤዛን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ሳላስደነግጣት ጠየቅኋት። አልደበቀችኝም፤ ጥፋት አልመሰላትም። እየጾመች ነው። እኔ እህል ሳልቀምስ እሷም አትቀምስም፣ እኔ ከቅዳሴ ስመለስ ከእኔ ጋር ትቆርሳለች። ሩዙን ለዶሮዎቹ ሰጠች፣ እንዳይጣል። እንቁላሉን ግን ለእማ አስቀመጠችው። እማ ጾሙ ሲፈታ፣ ለፋሲካ ስትመጣ ርቧት ይሆናል፤ እንቁላል ትወዳለች።

እኔ ደግሞ ከዶሮዎቹ እንቁላል እገዛ ነበር። በገዛ ሩዜ የወፈሩ ዶሮዎች። ይበልጣል ቢሰማ ዓመት ሙሉ ይስቃል። እኔ አልሳቅሁም።

ማን ነገረሽ አልኳት። አንተ አለች።

እውነቷን ነው። በየካቲት የትርንጎ የመንፈቅ ተዝካር ሲወጣ ግቢው ሰው ሞልቶ እኔ ከወዲያ ወዲህ ስል፣ ቀሚሴን ጎትታ እማን እንዴት ነው የሚያይዋት አለችኝ። ካህናቱ አጠገቤ ነበሩ። እንደ ካህን መለስኩላት። በጾም በጸሎት ነዋ ልጄ፣ አልኳት፣ ጭንቅላቷን ዳበስ አድርጌ አለፍኩ። የልጅ ጆሮ ምን እንደሚይዝ አላሰብኩም። ስብከት የለመደ አፍ እንዲህ ነው፣ ቃሉ ሳይጠራ ይመጣለታል። እሷ ደግሞ አመነችኝ። ከምእመናኔ ሁሉ የነገርኳትን እንዳለ የፈጸመች እሷ ናት።

ልነግራት ግድ ነበር። ስንት ሬሳ አስቀብሬአለሁ፣ ስንት ሐዘንተኛ አጽናንቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ቃል ግን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እማ ለፋሲካ አትመጣም አልኳት። ለሚመጣው ፋሲካስ? አትመጣም። ብጾምም? ብትጾሚም ልጄ። እኛ ነን አንድ ቀን የምንሄድ፣ በጣም ሩቅ ቀን፣ አንቺ አርጅተሽ። እሷ አትመለስም።

አላለቀሰችም። አሰበች። ከዚያ «ታዲያ አንተ ለምን ትጾማለህ?» አለችኝ።

ዜማ ተምሬአለሁ፣ ቅዳሴ ተምሬአለሁ፣ መጽሐፍ ተርጓሚ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ለምኜ እየበላሁ ተምሬአለሁ። ያ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ስለ እግዚአብሔር አልኳት። እሷ ፊቴን ብቻ ታየኛለች። ከጭኔ ወርዳ ወደ ዶሮዎቹ ሄደች። እኔ እንቁላሎቹን ጓሮ ቆፍሬ ቀበርኩ። ሻሹን አጠብኩ። የእንቁላሉ ሽታ አልለቀቀም። የትርንጎ ሽታ ግን ታጥቦ ሄደ። ይህን መጻፍ አልችልም፣ ይብቃኝ።


መጋቢት 17፣ ረቡዕ። ጠዋት 2፡30፣ ከኪዳን በኋላ

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሽሮው ዛሬ ቄስ ሁኖ ወጥቷል፣ አንድ ጓጓላ የለው። እንቁላሉን ላጥኩላት፣ ጨው ነሰነስኩበት። ፊቷ አስቀመጥኩ። አፏን ዘጋች።

ማስተዋል ለመነቻት። ይበልጣል እንቁላሉን አፍ አውጥቶ እንደሚናገር አድርጎ አስለመነላት፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። እምቢ። ተቆጣሁ። እምቢ። ጥዬ ልወጣ ስል ተከተለችኝና በሩ ላይ ያዘችኝ። ብቻህን ልታያት ነው አለች። እኔን ጥለህ።

አላመነችኝም። ለምን ታምነኝ? አፌ እማ አትመጣም ይላታል፣ ሆዴ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። እንደ እሷ አሳብ እናቷን ለብቻዬ ላያት የምደበቅ ውሸታም ነኝ። የአምስት ዓመት ልጅ በቃል አትረታም። በሆድ ነው የምትረታ።

እና እኔ ሰሞነኛ ነኝ። የበላ ካህን አይቀድስም።

ኪዳን ላይ ዜማው ጠፋብኝ።


ያው ቀን። ከቅዳሴ መልስ

ወደ አባ ጥዑም ሄድኩ። የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው፣ የነፍስ አባቴም ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ቃል አያባክኑም። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሻሹን ሳይቀር።

ወደ መቅደስ ልጅ ይዞ መግባት እንደማይቻል፣ ልጅ ትቶ መግባትም እንደማይቻል አውቃለሁ አልኳቸው። ጠዋት ጠዋት ከእሷ ጋር ልብላ፣ የጾም ምግብ ነው የምበላው፣ ሰዓቱን ነው የማፈርስ አልኩ። ሰሞኑን ለሌላ ካህን ይስጡልኝ አልኩ።

«ሕዝቡ ምን ይላል?» አሉኝ። «ሚስቱ ብትሞትበት ለሆዱ አደረ ይሉሃልኮ።»

ይበሉ አልኩ። እሳቸው ወዲያ ዞር ብለው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፣ አቧራ ነው እያሉ። አቧራ አልነበረም።

ከዚያ ፈረዱልኝ፣ ፈረዱብኝም። አብላት አሉ፣ ልጅ ማስራብ ጽድቅ አይደለም። ግን እስከ ፋሲካ መቅደስ አትገባም፤ ለትንሣኤም ሌሊት ከሕዝቡ ጋር ውጭ ትቆማለህ፣ ጧፍህን ይዘህ፣ እንደማንም። ከዲያቆንነቴ ጀምሮ የትንሣኤን ሌሊት ከመጋረጃው ውጭ ሁኜ አላውቅም። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ደጀ ሰላሙ ጋ ካህናቱ ቆመው ነበር። ሰላም አሉኝ። ዓይናቸው ግን ሰምቷል።

በመንገዴ ሰናይት ደወለች። ቤዛ እንዴት ናት አለች። አላወፈርኳትም ገና፣ ቃሌ ቃል ነው፣ ፋሲካን ጠብቂ አልኳት። ስለ እንቁላሎቹ መንገር አቃተኝ።


መጋቢት 18፣ ሐሙስ። ጠዋት 1፡00

ትልልቆቹን ቀድሜ ሸኘሁ። ይህን እንዲያዩ አልፈለግሁም፤ እነሱ እስከ ስድስት ሰዓት ይጾማሉ፣ አባታቸው ሲበላ ምን ይላሉ? ማስተዋል ግን ሌማቱ ላይ ሁለት ሳህን አይታለች። ምንም አላለችም። ስትወጣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

የሩዝ እንጀራ። ሽሮ። ዲያቆን ነው ዛሬ፣ ቀጠነብኝ፣ ውኃ በዛበት። የእሷ ሳህን ላይ እንቁላል። የእኔ ላይ ጎመን። አማትቤ ባረክሁ።

ተቀመጠች። አልነካችም። ሳህኔን ታያለች፣ እኔን ታያለች። ውጭ የእትዬ ማንጠግቦሽ ዶሮዎች በሩን እየጫሩ ይጠብቋታል። አልዞረችም።

አንቺ ጀምሪ አልኩ። አንተ ጀምር አለች። ስንት ዓመት ጾም የለመደ አፍ በአንድ ጠዋት አይከፈትም። ሰሞኔ ያልሆነ ቀን ቢሆን ኖሮ አልኩ። ዛሬ መንበሩ ላይ ሌላ ሰው ይቆማል አልኩ። ይህ ሁሉ በልቤ ነው፤ እሷ የምታየው የማይበላ አባት ነው።

ከዚያ እሷ እጇን ሰደደች። ወደ እንቁላሉ አይደለም፣ ወደ እኔ ሳህን። እንጀራውን ቆርሳ ሽሮ አጠቀሰች፣ ጎመን ጨመረችበት፣ በትንንሽ ጣቶቿ ጠቀለለችው። ግማሹ ሌማቱ ላይ ፈሰሰ። ተንጠራርታ አፌ ድረስ አመጣችው፣ እጇን ዘርግታ ጠበቀች።

አፌን ከፈትኩ።